ሰዓቱን ዘግይቶ የተጫነው ዕጩ አማች

ስሟን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያስታውሰው የለም ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። በሥራ ቦታዋ ትልቁም ትንሹም «እትዬ ተመለስ» ነው የሚላት፤ ፊቷ ላይ ሳይሆን ከኋላዋ፣ ያውም በሩን ዘግታ መሄዷ ከተረጋገጠ በኋላ። አንድ ቀን አንዱ ሰልጣኝ በስልክ «እትዬ ተመለስ ዛሬ ጥርሷን ነክሳ ነው የመጣችው» ሲል ለካ ከጀርባው ቆማለች። «ታዲያ ምን ልንከስ፣ አንተን?» ብላው አለፈች። ልጁ ያን ቀን ምሳ አልበላም አሉ።

ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። አብራሪዎችን ታስተምራለች፣ ትፈትናለችም። ቀድሞ ራሷ ትበር ነበር፤ ፖስታ ይዛ፣ መድኃኒት ይዛ፣ አንዳንዴም በካርቶን የታጨቀ ጫጩት ይዛ ትንንሽ ሜዳዎች ላይ ስታርፍ ኖራለች። ስለ ጫጩቶቹ ስታወራ «ከተሳፋሪ ሁሉ የማያማርሩ እነሱ ናቸው» ትላለች። ኋላ አንድ ጆሮዋን ታመመችና ሐኪሞቹ ሚዛንሽን ሊያስትሽ ይችላል፣ ከእንግዲህ መሬት ላይ ብትሆኚ ይሻላል አሏት። ያን ሰሞን ሶፋ ላይ ተጠቅልላ አልቅሳለች፤ አልደብቅላትም። እንባዋ ሳይደርቅ ግን መሥሪያ ቤቱ ጠርቶ ሲሙሌተሩን ሰጣት።

ሲሙሌተር የሚሉት አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በረጃጅም የብረት እግሮች የቆመ፣ ቤት የሚያህል ነጭ ሣጥን ነው። ውስጡ እውነተኛ የአብራሪ ክፍል ነው፤ መሪው፣ መርፌው፣ ቁልፉ አንድም አልጎደለ። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይና መሬት ብቻ ነው ሥዕል። አብራሪው መሪውን ሲስብ ሣጥኑ በእግሮቹ ተነስቶ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ ሲያዞር በጎኑ ይጋደማል፤ ሲሳሳት ደግሞ ጥርስ እስኪፋጭ ይንቀጠቀጣል። ዝናቡን፣ ጭጋጉን፣ ነፋሱን የምታዘው ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እትዬ ተመለስ ናት። እግዜር ይቅር ይበለኝና ይህን ሥልጣኗን ትወደዋለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። «እኔ እንኳ ከተማውን አዳርሼዋለሁ፤ የኔዋ ካፒቴን ይኸው ስትበር ስትበር ከአዳራሹ በር አልወጣችም» ይላል ለጎረቤት። እሷም አትተወውም፤ «ያንተስ አውቶቡስ ቢሆን ዞሮ ዞሮ የተነሳበት አይደል የሚቆመው?» ትለዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንዱ በሌላው ላይ ሳያሾፍ የዋለበት ቀን የለም፤ ጤነኛ ትዳር ነው።

አሁን ይህ «ተመለስ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ሴትየዋን አታውቋትም። ትልልቅ ሜዳዎች ላይ አብራሪውን እጁን ይዞ፣ ግራ ቀኙንም ቁልቁለቱንም እየነገረ እስከ ማኮብኮቢያው አፍ የሚያደርስ መሣሪያ አለ። ትንንሾቹ ሜዳዎች ይህ ቅንጦት የላቸውም። የሚነገርህ አቅጣጫው ብቻ ነው፤ አወራረዱን አንተ ታውቃለህ። ስለዚህ ደመና ውስጥ ሆነህ እስከተፈቀደልህ ከፍታ ድረስ ትወርዳለህ። ከዚያ በታች አንድ ክንድ ዝቅ ማለት ክልክል ነው። እዚያው ከፍታ ላይ ቀጥ ብለህ እየሄድክ ማኮብኮቢያውን በዓይንህ ትፈልጋለህ። ታየህ? እሰየው፣ ውረድ። አልታየህም? አንዲት ነጥብ አለች፤ እሷ ላይ ስትደርስ ለሞተሩ ጉልበት ሰጥተህ፣ አፍንጫህን ቀና አድርገህ ትመለሳለህ። «ትንሽ ልይ» የለም፣ «አሁን እኮ ይታያል» የለም።

ችግሩ ነጥቧ ያለችው አየር ላይ ነው። ችካል አልተተከለባት፣ ቀለም አልተቀባች፣ ዘበኛ አልቆመባት። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ርቀት ቆጣሪ መሣሪያ ይነግርሃል። አንዳንዱ ላይ የሬዲዮ ምልክት ጣቢያው እዚያው ሜዳው ላይ ነውና በላዩ ስታልፍ መርፌው ዞር ብሎ ያሳብቅልሃል። የድሃ ሜዳ ጣቢያ ግን ከሜዳው ራቅ ብሎ ነው ያለው። በላዩ ባለፍክባት ቅጽበት ቆጣሪ ሰዓትህን ትጫናለህ፤ ፍጥነትህንና ነፋሱን አስበህ አስቀድመህ ያወጣኸው ጊዜ ሲሞላ ነጥቧ ላይ ደርሰሃል ማለት ነው። ሰዓቱን በወቅቱ ካልተጫንክ ግን የት እንዳለህ የሚያውቀው ከፊትህ ያለው ኮረብታ ብቻ ነው።

ሰልጣኞች መመለስ አይወዱም። የተሸነፉ ይመስላቸዋል። አንዱ ሲመለስ ሌሎቹ ሻይ ቤት ሆነው «አልሸሹም ዞር አሉ» እያሉ ይስቁበታል። እትዬ ተመለስ ይህን ስትሰማ «ሳቁ፣ ሳቁ፤ ለእራት የሚደርሰው ዞር ያለው ነው» ትላቸዋለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ አንድ ወጣት ለመጨረሻ ፈተና ቀረበ። ረዘም ያለ፣ ሳቂታ፣ ሰው ሰላም ሲል ከወገቡ ጎንበስ የሚል ልጅ ነው። ሌላ መምህር ነበር ያስተማረው፤ እሷ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ካለፈ የዕቃና የፖስታ ማመላለሻዋን ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን እንዲያበር ይቀጠራል። ከወደቀ አንድ ዕድል ብቻ ይቀረዋል፤ ሁለተኛ ከወደቀ መሥሪያ ቤቱ ያሰናብተውና ወደ አገሩ፣ ወደ አባቱ የእንጨት ሥራ ቤት ይሄዳል።

ልጁ ጎበዝ ነበር። አንዱን ሞተር አጠፋችበት፤ ቅንድቡ አልተነቃነቀም። ነፋስ ላከችበት፤ እንደ ሕፃን አባብሎ ያዛት፣ አውሮፕላኗን ማለቴ ነው። እትዬ ተመለስ ከኋላ ሆና «ይህን የወለደች እናት ትባረክ» ስትል በልቧ መረቀችው። ምርቃቱ ብዙም አልቆየ።

መጨረሻ ላይ ያችን የድሃ ሜዳ ሰጠችው። ጭጋጉን አወረደች። ልክ ጣቢያው ላይ ሊደርስ ሲል ደግሞ በሬዲዮ፣ እንደ ተቆጣጣሪ ሆና፣ ስለ ሌላ አውሮፕላን ጠየቀችው። ሆን ብላ ነው፤ በእውነተኛው ሰማይም ሰው የሚያናግርህ በዚያችው ሰዓት ነውና። እና ልጁን የበላው ጨዋነቱ ሆነ። ሰው እያናገሩ ሌላ ነገር መነካካት ነውር መስሎት ይሁን እንጃ፣ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አንዣቦ መልሱን ከነምስጋናው አሟልቶ ሰጠ። ሰዓቱን የተጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰዓቱ ሲሞላ ማኮብኮቢያው አልታየውም። ልጁም እንደ ደንቡ፣ እንደ መጽሐፉ፣ ሽክ ባለ አኳኋን አፍንጫውን ቀና አደረገ። ወዲያው ማስጠንቀቂያው «መሬት! መሬት!» እያለ ይጮህ ጀመር፤ ኮረብታው መስኮቱን ሞላው፤ ሣጥኑ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ተመለስ ሁሉን ባለበት አቆመችው።

«በሰዓቴ ነው የተመለስኩት፣ መምህር» አለ ላቡን እየጠረገ።

«በሰዓትህማ ነው። ኮረብታው ግን ያንተን ሰዓት አያውቅም። መቼ ነው የተጫንከው?»

ልጁ ዓይኑን ቆጣሪው ላይ ጣለ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ጣቢያውን አልፈህ ነው የተጫንከው። ነጥቧ ከኋላህ ቀርታ አንተ ገና ትፈልጋት ነበር። መዘግየትህን አላወቅክም?»

«አላወቅኩም» ቢል ማን ይይዘው ነበር? ይህ ልጅ ግን ዋሽቶ አያውቅም መሰለኝ። «አውቄያለሁ» አለ። «ገና ስጫነው አውቄያለሁ። በልቤ አስልቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አፈርኩ።»

ይኼ አንጀቷን በላው። ግን አንጀት ፈተና አይፈትንም። «ስማኝ ልጄ» አለችው፤ «ያኔውኑ ‹ሰዓቴን አዘግይቻለሁ፣ ልመለስ› ብለህ ብትነሳ ኖሮ ጨብጬህ ነበር የማሳልፍህ። ይዘገያል፣ የሰው ጣት ነው። የማታምነውን ሰዓት ይዘህ መቀጠልህ ነው የጣለህ።»

ልጁ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «አመሰግናለሁ» አላትና ወጣ። ቆሽቷ አረረ። የሚሳደብ ሰው ይሻላታል፤ የሚሳደብን ሰው ጥሎ ምሳ መብላት ይቻላል።

ቤት ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃት። ልጇ በር ታላጋለች። የመነጽር መሸጫ ሱቅ ነው የምትሠራው፤ ረጋ ያለች ልጅ ናት። አሁን ግን ቁም ሣጥኑን ጓ፣ ማቀዝቀዣውን ጓ። እናትየዋ «ምን ሆነሻል?» ስትላት «ምንም» ትላለች፤ ያ «ምንም» ደግሞ ከሁሉ በላይ ጓ የሚል ነው። የሚገርመው በዚያው ቅዳሜ ለምሳ አንድ ሰው ይዛ ልትመጣ ቀጠሮ ይዛለች። ሰውየው የመነጽሬ ብሎን ላላብኝ እያለ ሱቁ ሲመላለስ የከረመ ደንበኛ ነው። ብሎኑ ቢጠብቅም እሱ መምጣቱን አልተወም። አባትየው ጉዳዩን ከሰማ ጀምሮ በደስታ መቀመጫ አጥቷል።

ቅዳሜ ደረሰ። ዶሮው ተጠብሷል፣ ሩዙ ተቀቅሏል፣ አባትየው አንዴ የተላጨውን ደግሞ ተላጭቷል። በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ከፈተች። አንድ ረዥም ሰው የኬክ ካርቶን ታቅፎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ቀና ሲል እትዬ ተመለስ ጭልፋ ይዛ ከፊቱ ቆማለች።

ወይ ጉድ! የልጁን ፊት ባያችሁት። እግሬ አውጪኝ ሊል ነበር፤ ግን ኬኩን የት ያድርገው? እትዬ ተመለስም ጭልፋውን ከፍ እንዳደረገች ቀረች። ሁለቱም፣ ማን እንደመከራቸው እንጃ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ሆኑ።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለ። ድምፁ ከካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

ልጅቷ ሁለቱንም እያየች ከንፈሯን ነክሳ ገባች። ማዕድ ቀረበ። አባትየው የዶሮውን ጭን ለእንግዳው አንስቶ እንዲህ ሲል ጠየቀው፦ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጥሩ አይደለም። ያመመህ ትመስላለህ?»

«ፈተና ወድቄ ነው፣ ጋሼ።»

«አይዞህ! ማን ጣለህ?»

«አንዲት… መምህር።»

«በምን ምክንያት?»

«በሰዓት። ትንሽ ዘገየሁ።»

«በሰዓት!» አባትየው ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ይዤ ስዘገይ ኖሬ ማን ጣለኝ? ምን ዓይነት አንጀተ ደንዳና ሴት ናት ጃል! ባል የላትም እንዴ?»

«አላት» አለች ሚስቱ ሰላጣውን እያቀበለችው። «አንተ ነህ።»

ሰላጣው አየር ላይ ቆመ። አባትየው መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ እንግዳውን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም። ልጅቷ ሐሙስ ዕለት የዋጠችውን ሁሉ አሁን አወጣችው።

«አውቅ ነበር አንቺ እንደምትፈትኚው! ላንቺ ብነግርሽ ‹አዳላች እንዳልባል› ብለሽ ትጥይዋለሽ። ለሱ ብነግረው በፍርሃት ይወድቃል። ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ፤ ይኸው ሳታውቂውም ጣልሽው! አንድ ትንፋሽ ለማትሞላ ነገር፣ እማዬ! አንድ ትንፋሽ!»

«ልክ ናቸው እኮ…» ብሎ ጀመረ እንግዳው።

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለችው። ወደ እናቷ ዞረች። «ሁለተኛ ከወደቀ ያባርሩታል። ወደ አባቱ አገር ይሄዳል። እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ፣ ከወዲሁ ዕወቂው።»

አባትየው መሳቁን ተወ። ያቺ አንዲት ልጃቸው ናት። እትዬ ተመለስ የእጅ መጥረጊያዋን አጣጥፋ፣ ዘርግታ፣ መልሳ አጣጠፈችው። ልቧ ስንጥቅ ብሏል፤ ድምፅዋ ግን ያው የአዳራሹ ድምፅ ነው።

«ሐሙስ ዕለት የጣልኩት የማላውቀውን ሰው ነው» አለች። «የሰው ልጅ ነው ብዬ ጣልኩት። ዛሬ ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ሁለቴ ነበር የምጥለው። አንቺ ማታ ማታ በር በሩን እያየሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።»

ኬኩን የቆረጠው አባትየው ነው፤ ሁሉም በላ፣ ጣዕሙን ያወቀ ግን ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ተመለስ አለቃዋ ቢሮ ገባች። «ያን ልጅ ከእንግዲህ እኔ አልፈትነውም። ልጄ… ከልጄ ጋር…» ብላ ቃሉ ጠፋባት። አለቅየው ገብቶት ሳቁን በሳል ሸፈነና ፈተናውን ለሌላው ፈታኝ ሰጠ። ሰውየውን ሰልጣኞች «ጭጋጉ» ይሉታል፤ ጭጋግ ሳያወርድ የዋለበት ቀን ስለሌለ ነው። እትዬ ተመለስን ያማረረ ሰው ጭጋጉ እጅ ሲገባ እሷን ይናፍቃል።

ደንቡ ደንብ ነውና እሷ ልጁን ማስጠናት አትችልም፤ ሆድና ጀርባ መሆን ነበረባት። ባልየው ግን ምን ይከለክለዋል? እሑድ ከሰዓት ልጁን አስጠርቶ ኮሪደሩን ሰማይ አደረገው። ሶፋው ጣቢያ፣ ምንጣፉ ማኮብኮቢያ፣ ቡፌው ኮረብታ ሆኑ። ልጁ እጆቹን ዘርግቶ እየተራመደ ሶፋውን ሲያልፍ አባትየው «ተጫን!» ይላል፤ ታዲያ ሁልጊዜ እግሩ ከሶፋው ካለፈ በኋላ ነው የሚለው። እትዬ ተመለስ ወጥ ቤት ሆና ይህን ስትሰማ ምላሷን ነክሳ ነክሳ በመጨረሻ የድስት ክዳን ለቀቀች። «ምነው ካፒቴን?» አለ ባሏ። «ምንም» አለች። ያ ቤት «ምንም» ለምዷል።

ከልጇ ጋር በዚያ ሰሞን አልተኮራረፉም ማለት አልችልም። ሰላምታ አለ፣ «ጨው አቀብዪኝ» አለ፤ ወሬ የለም። እናትየዋ ፈርታለች፤ እውነቱ ይኸው ነው። ደመና ውስጥ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። አንዳንዴ «ባሳልፈውስ ኖሮ?» የሚል ሐሳብ ብቅ ይላል። ወዲያው ያ ኮረብታ መስኮቱን ሲሞላው ይታያትና ሐሳቡን ታባርረዋለች።

የድጋሚው ፈተና ቀን ልጅቷ ከሱቅ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። አዳራሹ ውስጥ ከሣጥኑ ራቅ ብሎ የቴክኒሻኑ ጠረጴዛ አለ፤ ውስጥ የሚነገረው ሁሉ እዚያ ባለች ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ቴክኒሻኑ የልብ ሰው ነው፤ ሁለት ወንበር አቀረበላቸው። እናትና ልጅ መሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተው ተቀመጡ።

ሣጥኑ ዘንበል አለ፣ ተነሳ፣ ተጋደመ። ሞተር ጠፋበት፤ ድምፁ አልተለወጠም። ነፋስ መጣ፤ አባበለው። ቴክኒሻኑ በስክሪኑ ላይ የምትሄደውን ትንሽዬ አውሮፕላን ለእትዬ ተመለስ ሊያሳያት ዞር ሲያደርግላት «አታሳየኝ» አለችው። ዓይኗን ከሣጥኑ አልነቀለችም።

«አሁን ወደ ድሃው ሜዳ ነው» አለ ቴክኒሻኑ። «ጣቢያው ላይ ሊደርስ ነው።»

በዚያው ቅጽበት በድምፅ ማጉያው የጭጋጉ ድምፅ መጣ፤ ተቆጣጣሪ ሆኖ ስለ አየሩ፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ሌላ አውሮፕላን ያዥጎደጉድ ጀመር። «ይኼ ሰይጣን» አለች እትዬ ተመለስ፤ የራሷ ወጥመድ እንደሆነ ረስታዋለች። የልጁ ድምፅ ግን ወዲያው ተሰማ፦ «ይጠብቁኝ።» አመሰግናለሁ የለ፣ ይቅርታ የለ። ጨዋው ልጅ ነውሩን ሠርቶ ተጫነ። እናትየዋ ትንፋሿን ለቀቀችና በልቧ መቁጠር ጀመረች። ይህን አቀራረብ በሕልሟ ታውቀዋለች፤ ነጥቧ መቼ እንደምትደርስ ሰዓት አያስፈልጋትም።

ሣጥኑ ደልደል ብሎ፣ ምንም ሳይነቃነቅ ቆሟል። ቆጠራው ገና እኩሌታ አልደረሰም። ድንገት የሣጥኑ አፍንጫ ቀና አለ። ሞተሩ ጮኸ።

እትዬ ተመለስ ብድግ አለች። ጊዜው አይደለም! ገና ነው፣ ብዙ ይቀረዋል። ምን ነካው? ደነገጠ? ግራ ገባው? አሁን ደግሞ ግራ ቀኙ ኮረብታ ነውና ከነጥቧ በፊት ከዞረ አለቀለት፤ መነሳት አንድ ነገር ነው፣ መዞር ሌላ። ሣጥኑን አፈጠጠችበት። ሣጥኑ አልተጋደመም፤ ቀጥ ብሎ ይነሳል።

«እማዬ፣ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

ያኔ የልጁ ድምፅ በማጉያው መጣ። እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን ቃሉ ጥርት ያለ ነው። «ሰዓቴን ስጫን ከበፊቱ ቆጠራ ወደ ዜሮ ተመለሰ እንጂ መቁጠር አልጀመረም። አስቀድሜ ማጽዳት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ነው ያየሁት። የት እንዳለሁ በእርግጠኝነት አላውቅም። ቀጥ ብዬ እየተነሳሁ ነው፣ እመለሳለሁ።»

እትዬ ተመለስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ማንም አላየውም ነበር፤ ጭጋጉ ራሱ ከኋላ ሆኖ ያቺን ትንሽ ሰዓት አያያትም። በልቡ አስልቶ፣ ገምቶ፣ አፉን ይዞ ቢቀጥል ይችል ነበር፤ ምናልባትም ይቀናው ነበር። እጇን አፏ ላይ ጭና ማልቀስ ጀመረች፤ ያቺ ደረቅ ሴት፣ በቴክኒሻኑ ፊት።

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። በመሀላቸው የነበረውን ክፍተት ተሻግራ የእናቷን ትከሻ ያዘች። «ወደቀ አይደል? ንገሪኝ እማዬ፣ ወደቀ?»

«አግቢው» አለች እናቷ።

ጭጋጉ ከብዙ ቆይታ በኋላ የሣጥኑን በር ከፍቶ «አልፏል» ሲል እናትና ልጅ አሁንም ተቃቅፈው ነበርና የሰማው ቴክኒሻኑ ብቻ ነው።